ሦስተኛው ገንዳ

ሳቢያን፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ኒም ካጠላበት ጓሮ፣
ሦስት ገንዳ አለ ጎን ለጎን፣ በቆርቆሮ ታጥሮ።
እኔ የሌሊት ዘብ ነኝ፤ ድሮ የምድር ባቡር ሰው፣
ሐዲዱን ዝገት ሲውጠው
ውሃ መጠበቅ ጀመርኩ፤ እንጀራ ነው፣ ምን ላድርገው።

ፈርዶሳ ተማሪ ናት። ሽርጧን ከጉልበቷ በላይ አስራ
ትመዝናለች ቆሮሶ፣ በጫት ሚዛን፣ ተራ በተራ፤
«ያዘው እንጂ አንተ ዱባለ!» ትለኛለች ሲያሟልጨኝ፤
ድሬ አንቱ አታውቅም፣ ሽበቴም አላስከበረኝ።

የፋርማሲው መድኃኒት ውድ ነው፤ ቢገኝም፣ ትላለች፣
ዓሣው ቢድን ሥጋው ውስጥ ያድራል።
ስለዚህ ቅጠል፣ ሥር፣ ፍሬ፤
የእናቶቻችን ጓዳ ወደ ገንዳ ወረደ፣ ይኸው ዛሬ።

አንደኛው ነጭ ሽንኩርት ይበላል፤ ተልጦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣
ከኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ጋር ተለውሶ፣ በጥላ ተሰጥቶ።
ሁለተኛው ጥቁር አዝሙድ፣ ከቀፊራ፣ ከዘይቱና ዱካን፣
ከሽፈራው ቅጠል ጋር፤
እጄን የሚሸተኝ ሁለት ቀን።
ዘይቱና ስትመዝንልኝ ሳቋ ገበያውን ሞላው፦
«ለዓሣ ነው? ወላሂ ለዓሣ? ሰውስ መች አገኘው!»

ሦስተኛው ግን
ምንም።
ፉርሽካና ፋጉሎ ብቻ። ቅጠል የለም፣ ቅመም የለም።

«ለምን?» ብላት፣
«ኮንትሮል ነዋ» አለችኝ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣
«ያልቀመሰ ከሌለ፣ የቀመሰው ማደጉ በምን ይለካል?»

ኮንትሮል እኔ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቆብ ደፍቼ፣
ከፉርጎ ፉርጎ፣ ትኬት እየበሳሁ፣ አቧራ ለብሼ፤
አዲጋላ ላይ፣ በቀትር፣ አንድ ትኬት የሌለው ልጅ
አውርጄ የሄድኩ።
ሕጉ ነበር። ፊሽካዬን ነፋሁ።
ልጁ አላለቀሰም፤ አየኝ እንጂ።

ታኅሣሥ ገባ። የሌሊቱ ውሃ ቀዘቀዘ።
የሦስተኛው ገንዳ ዓሣ ክንፉ ላይ ጥጥ ያዘ፤
ነጭ፣ ስስ፣ ባዘቶ የመሰለ።
አንዱ ወደ ላይ መጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከእግሬ ሥር ዋለለ።

እንግዲህ ምን ልበል። ጥፋቱ የእጄ ነው፤
ከአንዱ ጆንያ እፍኝ፣ ከሌላው እፍኝ፣ ለሦስተኛው።
በየሌሊቱ፣ የጅብ ጩኸት ከደቻቱ ሲመጣ፣
ጨረቃ ከኒሙ በላይ ስትወጣ፣
በገዛ ጥበቃዬ ላይ ሌባ ሆኜ፣ እየበተንኩ፣
ውሃውን ሲያንቦጫርቁት «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ።

በመጨረሻው ሚዛን ቀን ፈርዶሳ ደመረች፣ ቀነሰች፣
እንደገና ደመረች።
ሦስቱም እኩል።
«እና ሽንኩርቱ ምንም አልሠራም?» አለች፣ ለራሷ፣ በሹክሹክታ፤
ሦስት ወር ፀሐይ ያልበገረው ፊቷን ጥላ መታው፣ በአንድ አፍታ።

ልናገር ስል
«እጅህን አምጣ» አለችኝ።
አሸተተችው።
አልጮኸችም። ሚዛኑን አጠበች፣ ገለበጠች፣ ሰቀለች።
«ዓሣውን አዳንክ፣ ደብተሬን ገደልክ» አለች፤
አልሳቀችም።

በማግስቱ አዲስ ገጽ፦ ቀን አንድ።
ጆንያዎቹ አሁን ቀፊራ ናቸው፣ ዘይቱና ዘንድ፤
ቁልፉ ከመቀነቷ ጋር ታስሯል፣
ድርሻው ጠዋት ጠዋት በባጃጅ፣ ተመዝኖ፣ ተቋጥሮ ይመጣል።

ሌሊት ስዞር ግን ጥላዬን ያውቁታል፤
የሦስተኛው ገንዳ ልጆች ተግተልትለው ከዳር ይደርሳሉ።
ባትሪዬን አብርቼ መዳፌን አሳያቸዋለሁ፤
ባዶ።
አይሄዱም።
የሽንኩርቱ ሽታ ከጣቶቼ ገና አልለቀቀም።